ሞንጫሪዋና የካርድ ክፍሏ ሴትዮ

በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራት የለም፤ «ሞንጫሪዋ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ገና ያልተሠራ ሶፍትዌር ስክሪኑ ምን እንደሚመስል፣ የቱ ሲነካ ምን ብቅ እንደሚል አስቀድሞ መንደፍ ነው። ሌሎቹ በኮምፒውተር አሽሞንሙነው ሲያቀርቡ እሷ በእርሳስ፣ ያውም በተንጋደደ መስመር። «ማስመሪያ እንግዛልሽ?» ብሎ ያላሾፈባት ቢኖር የግቢው ውሻ ብቻ ነው።

አለቃዋ የእህቷ ባል ነው። ዘመድ ነው፣ ይራራላታል ብላችሁ እንዳትሞኙ፤ ባዳ ቢሆን ትንሽ ያፍር ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባለቀለም ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረ።

«የክሊኒኩ ስክሪን ነው። የካርድ ክፍሏን ሴትዮ ዛሬ አስፈርሚ። አለዚያ ነገ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ለእህትሽም ራስሽ ንገሪያት።»

ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ በክሊኒኩ በአንዲት ጠባብ መስኮት ስትጮህ የኖረች ናት። ሞንጫሪዋ ገና በሩ ላይ ሳለች ተቀበለቻት።

«አምጪው፣ ልፈርምና ውጪልኝ! ባለፈው የመጡት ከረባት ለባሾች የሚያምር ሥዕል አሳይተው አስፈረሙኝ። ከዚያ ማሽናቸው እየተሳሳተ ስድስት ወር በሽተኛ ሲሰድበኝ የት ነበሩ?»

ፊርማው በነፃ ቀረበላት ማለት ነው። ባለቀለሙን ማውጣት ብቻ ነበር የቀራት። እሷ ግን ቦርሳዋን ዘግታ ለዚያው ስክሪን በእርሳስ የሠራችውን የራሷን ሙንጭርጭር ዘረጋች።

«ይሄን ደግሞ ማን ሣለው፣ ልጅሽ?»

«እኔ ነኝ። እርስዎ በጣትዎ ይንኩ፤ እኔ እንደ ማሽኑ ሆኜ ወረቀቱን እቀይራለሁ።»

ሴትዮዋ «ፈልግ» የሚለውን በጣቷ ደቆሰችው። ወረቀቱ ተቀየረ፤ ሁለት በሽተኞች፣ ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ።

«የትኛዋ ናት?»

ዝም።

«አንቺን እኮ ነው!»

«ማሽን አይናገርም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ማሽንሽ ደደብ ነው! የአንዷን መርፌ ለሌላዋ ልታስወጊ ነው?»

እስክሪብቶ መንጭቃ ዕድሜና ስልክ ጨመረችበት። በሚያምረው ሥዕል ላይ ነጥብ እንኳ ለማኖር ፈርታ የፈረመችው ሴት፣ በዚህ ላይ ምን ያስፈራታል? ወረቀቶቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁሉንም እየተሳደበች ሰረዘች፣ ደለዘች። ሞንጫሪዋም ስድቡን ሳታስቀር ከጎኑ ጻፈችው።

«ፊርማ የለም!» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። «አስተካክለሽ ስትመጪ እንተያያለን።»

አለቃው የተሰራረዘውን ክምር ሲያይ ደም ሥሩ ተገታተረ። ሴትዮዋ ጋ ደውሎ፣ «ይቅርታ፣ ነገ ሌላ ሰው እልካለሁ» ከማለቱ ጩኸቷ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

«ሌላ ሰው? ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የተሳደብኩትን እንደገና ከሀ ልጀምር? ያቺኑ ደረቅ ላክ!»

ሞንጫሪዋ በቦታዋ ቀረች። የእህቷ ባል ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነፍጓታል። ሴትዮዋም ብትሆን ወደደቻት እንዳትሉ፤ በሁለተኛው ዙር ወንበር እንኳ አላቀረበችላትም፣ ቆማ ነው የሞነጫጨረችው።