አፏን የዘጋችው የፋናር አሳ

ጉዞዬ ከዓይን ኤል ረማነህ እስከ ፋናር ነው። ቤይሩትን የማያውቅ አንባቢ ስሙን ሲሰማ በመርከብ የሚኬድበት አገር እንዳይመስለው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ቁርስ በልተው ሄደው ለምሳ ይመለሱበታል። እኔ ግን ፓስፖርቴን የመጀመሪያዋ ማዳሜ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ፣ ከሰፈር ወጥቼ በሰላም መመለሴ ራሱ የውጭ አገር ጉዞ ነው። ስለዚህ እንደ ትልቅ መንገደኛ ሁሉንም በየተራው እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የተነሳው በስልክ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሙሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጥይት እንደ ወንፊት በበሳሳው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ስልክ የለንም። ሲደወልልን ከታች ያለው ባለሱቅ አንገቱን አውጥቶ "ያ አለም! ቴሌፎን!" ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ያስነሳል። እንደዚያ ጠርቶኝ ወርጄ ሳነሳው ይታይሽ ናት። ይታይሽ ፋናር ማዳም ጆርጄት ቤት የምትሠራ የጎጃም ልጅ ናት፤ ገና ሃያ አልሞላትም። እኔ ለፋሲካ ጽዳት እዚያ ቤት ስለምሄድ ነው የተዋወቅነው።

"እትዬ፣ ማዳም ሻወር ስለገባች ነው የደወልኩት" አለችኝ በሹክሹክታ። "የገንዳውን አሳ በልተሻል ብለው ከነገ ወዲያ ወደ መክተቡ ሊመልሱኝ ነው።"

መክተብ የሚሉት እኛን ያስመጣንን ቢሮ ነው። እዚያ የተመለሰች ልጅ ዕድሏ ቢከፋ አውሮፕላን ላይ ትጫናለች። ለይታይሽ ደግሞ አገር ቤት የሚጠብቃት ሌላ ነገር አለ፤ አባቷ እሰጥሃለሁ ብሎ ቃል የገባለት ባል። ከዚያ ሰውዬ ሸሽታ ነው የመጣችው። ከተመለሰች ከአውሮፕላን ወርዳ ቀጥታ ወደ ሰርግ ነው።

"በልተሻል እንዴ?" አልኳት።

"እትዬ!"

"ጠየቅኩ እንጂ።"

"እርስዎ የዝዋይ ሰው ነዎት፣ አሳ ያውቃሉ። መጥተው ያስረዱልኝ" አለችና ዘጋችው።

ዝዋይ መወለዴ እውነት ነው። ግን እዚያ ሐይቅ ውስጥ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ገብቼ አላውቅም፤ ውሃ እፈራለሁ። የኔ የአሳ እውቀት የሚጀምረው ከመጥበሻው ነው። ይህን እንዳልነግራት ደግሞ አሥር ጊዜ ስጎርርባት ኖሬያለሁ።

ሙሉ ነገሩን ስትሰማ ቅንድቧ ተሰቀለ። "ወጥመድ ቢሆንስ? ማዳሟ ናት ያስደወለቻት። ሄደሽ ፖሊስ በር ላይ ቢጠብቅሽስ?"

"እኔን ለመያዝ ብሎ ማን አሳ ያረባል?" አልኳት። ግን ቃሏ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ነጠላዬን አስቀመጥኩና አረብ የሚያስመስለኝን ሻሽ አሰርኩ። መስታወት ውስጥ ሳየው ያስመሰለኝ አረብ ሳይሆን ጥርሱን ያመመው ሰው ነው።

እስከ ዶራ

በማግስቱ ጠዋት እስከ ፉርን ኤል ሸባክ በእግሬ ሄድኩ። የነሐሴ ሙቀት ከአስፋልቱ ይነሳል። አንድ አሮጌ መርቸዲስ ቆመልኝ።

"ሰርቪስ ወላ ታክሲ?" አለ ሾፌሩ።

ይህች ጥያቄ የቤይሩት ሾፌር መረብ ናት። ሰርቪስ ካልክ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርተህ በአንድ ሺህ ሊራ ትሄዳለህ፤ ሳታውቅ ታክሲ ካልክ ብቻህን አምስት እጥፍ ከፍለህ እንደ ሚኒስትር ትቀመጣለህ። "ሰርቪስ! ሰርቪስ!" ብዬ ሁለቴ ተናገርኩና ገባሁ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ቦርሳቸውን ከኔ በኩል ወደ ወዲያኛው ጭናቸው አዛወሩት። እኔም የራሴን ወደ ወዲህ አዛወርኩ። ቢያንስ እኩል እንሁን ብዬ ነው።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። "ስሪላንኪዬ?"

"ሐበሺዬ።"

"ወረቀት አለሽ?"

"አለኝ። አንተስ መንጃ ፈቃድ አለህ?"

መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ቦርሳቸውን ያዛወሩት ሴትዮ እንኳን ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሻሼን ግን ጠበቅ አደረግሁ። ምን አግብቶት ነው የጠየቀኝ? ዶራ እስክንደርስ ድረስ አንገቱን ከኋላ እያየሁ፣ የሰላይ አንገት ይመስላል አይመስልም ስል ቆየሁ። የተላጨ፣ ላብ ያለበት፣ ተራ አንገት ነው።

ዶራ አደባባይ ላይ ወርጄ ካዕክ ገዛሁ፤ ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ነው። ፍልሰታ ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ስለዚህ ሻጩን "ወተት አለው?" ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ሦስተኛው ላይ "ላም የለኝም፣ ያ ኡኽቲ!" አለኝ። እህቴ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ግን የእህት አልነበረም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እጾማለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። አልሆነም።

ፋናር

ከዶራ በሌላ ሰርቪስ ዳገቱን ወጣሁ። ወደላይ ስትሄድ አየሩ ይቀላል፣ ጥዶች ይመጣሉ፤ በየመሃሉ አዲስ ፎቅ ይሠራል፣ ሲሚንቶው ይቦንናል። ዞር ስትል ባህሩ ከታች ተዘርግቷል። የማዳም ጆርጄት ቤት ምድር ቤት ሆኖ ከኋላው ግቢ አለው። ደወልኩ። በበሩ ቀዳዳ ዓይን ታየኝ፤ ብዙ ቆየ።

"አለም? ማነው የላከሽ?"

"ቦንዡር ማዳም። ለበዓሉ ጽዳት ትፈልጊ ይሆናል ብዬ ነው።"

በሩ ተከፈተ። ማዳም ጆርጄት ደግ ሴት ናት፣ ግን ስገባም ስወጣም ቦርሳዬን ታያለች። አየችው። የካዕክ ፍርፋሪ አገኘች።

"ሰምተሻል አይደል?" አለችኝ። "ነይ፣ በዓይንሽ እዪ።"

ገንዳው ከወይኑ ጥላ ስር ያለ፣ ሁለት ሰው የማያስተኛ ጠባብ ነገር ነው። ውስጡ አሳው ይርመሰመሳል። ሳየው ደነገጥኩ፤ የኛው የዝዋይ አሳ፣ ቆሮሶ ነው! መዳፍ የሚያክሉ አሉ፣ ጣት የሚያክሉ አሉ፣ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠኑ አሉ።

"ሚስተር ለፋሲካ ሲያመጣቸው ሁሉም ጣት ነበር የሚያክሉት" አለች ማዳም፣ ባሏን ማለቷ ነው። "ለኢድ ኤል ሰይዴ፣ ለእመቤታችን በዓል፣ ክንድ ያክላሉ ብሎ ዘመዱን በሙሉ ጠርቷል። በዓሉ ደረሰ። ክንድ የሚያክለው የታለ? ጣት የሚያክለውስ እንደገና ከየት መጣ? ያኒ፣ ማለቴ፣ ትልልቁን እየበላች ትንንሹን ትተካለች!"

"ማዳም፣ በሩ ይቆለፍባት የለም እንዴ? ከየት አምጥታ ነው የምትተካው?"

"እሱን ነው የምትነግሪኝ!" አለችኝ፤ ዓይኗ ወደኔ ዞረ። በሷ ሐሳብ የቀጠኑትን አሳዎች በዚያ ቦርሳዬ የማመላልሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሁለተኛ ማስረጃ አላት። ይታይሽ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም፣ ሲያም ነው፣ ጾም ነው ትላለች። "በነሐሴ ምን ጾም አለ? እኛም ክርስቲያን ነን፤ የኛ ሲያም ከፋሲካ በፊት ነው። እሺ ትጹም። ታዲያ ዶሮ ሰጥቻት ሳህኑ ባዶውን የሚመለሰው ለምንድነው? የምትዋሽ ልጅ አሳም ትሰርቃለች።"

እውነት ለመናገር እዚህ ላይ እኔም ተጠራጠርኩ። ኩሽና ገባሁ። ይታይሽ ሳህን እያጠበች ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ከኔ አንድ ራስ ትረዝማለች፣ ግን ያን ቀን አጥራ ታየችኝ።

"ዶሮውን የት ነው የምታደርጊው?" አልኳት በአማርኛ።

"ለአሳው ነው የምጥለው።"

"ለምን?"

"ሳልበላ ብመልስ ማዳም ትቆጣለች፤ ምግቤን ናቅሽው ትለኛለች። ቆሻሻ ውስጥ ብጥለው ደግሞ ግፍ ነው። እንቁላሉንም፣ እርጎውንም ለእነሱ ነው የምሰጠው።"

"ይሄን ሁሉ በልተው ለምን እንደኔ አልወፈሩም?"

"እኔ ምን አውቄ? እርስዎ አይደሉ የዝዋይ ሰው?" አለችኝ። ማሽሟጠጧ ይሁን እምነቷ አልለየሁትም።

የዝዋይ ሰው ሆኜ ወደ ገንዳው ተመለስኩ። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ዝም ብዬ ብዙ አየሁ። አንዷ መዳፍ የምታክል አሳ ጥጉ ላይ ብቻዋን ቆማለች። የካዕኬን ፍርፋሪ ጣልኩ። ሌላው ሁሉ ተራኮተበት፤ እሷ ንክችም አላደረገችው። አፏ ግጥም ብሏል፣ አገጯ ስር እንደ ጉሮሮ ሕመም አብጧል።

"ያቺ ታማለች" አልኩ።

"ተመርዛለች!" አለች ማዳም ወዲያው፣ ወደ ኩሽና እያየች።

የፓስታ ማጥለያ አምጥታ ይታይሽ ራሷ አሳዋን ያዘቻትና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስገባቻት። ሦስታችንም ጎነበስን። አሳዋ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ከዚያ አፏን ከፈተችና እንደ ጭስ ያለ ነገር ተፋች። ጭሱ ዓይን አለው። ሚጢጢ አሳዎች ናቸው፣ ምስር የምታክል ጭንቅላትና ክር የመሰለ ጅራት! ባልዲው ሞላ።

ትንሽ ቆይታ አሳዋ አፏን እንደገና ስትከፍት ልጆቹ እየተጋፉ ተመልሰው ገቡ።

"ያ አድራ!" ብላ ጮኸች ማዳም፣ እመቤቴ ማለቷ ነው። "ልጆቿን በላቻቸው!"

እዚያ ቤት ከአሳዋ በቀር ያልተጠረጠረ አልነበረም፤ እሷም ተጨመረች።

በዚያው ሚስተር ገባ። ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል፤ ለስላሳ ሰው ነው። ባልዲውን ሲያይ ቦርሳውን መሬት ላይ ጥሎ ተንበረከከ።

"አልበላቻቸውም ጆርጄት፣ እየጠበቀቻቸው ነው። እንቁላሉን አፏ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው። ልጆቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ምንም አትቀምስም።"

"ምንም?" አለች ይታይሽ። ጌቶቿ ሲነጋገሩ መሃል ገብታ ስትናገር ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

"ምንም። ትጾማለች።"

ማዳም ይታይሽን አየቻት። ይታይሽ ባልዲውን አየች።

"እና ትልልቆቹ?" አለች ማዳም። ጥርጣሬዋ ገና እጇን አልሰጠም።

"እነዚህ ናቸው ትልልቆቹ። ሌላ አልነበረም።" መዳፍ የሚያክሉትን አሳየን። "አሳ የሚበላው ወይ ለራሱ አካል ይሆናል ወይ ለእንቁላሉ፤ ለሁለቱም እኩል አይበቃም። ይሄ ዓይነቱ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ሲሆን አድጎ ነው የሚወልደው። እንዲህ ጠባብ ቦታ ስታጭቂው ግን ሳያድግ ይወልዳል፤ ወልዶም ዝም አይልም፣ ደጋግሞ ይወልዳል፣ ቁመቱም እዚያው ይቀራል። የባህሩ ሎኦዝ ደግሞ፣ ያ ትልቁ አሳ፣ ተቃራኒው ነው። አይቸኩልም። ዓመታት ለራሱ ያድጋል፣ ቆይቶ ይወልዳል፣ ብዙ ይኖራል። ከመውለዱ በፊት ካጠመዱት ግን ያልቃል።" ከዚያ ራሱን እያሻሸ ሳቀ። "መታጠቢያ ገንዳ በሚያክል ውሃ ውስጥ ያጨቅኳቸው እኔ ነኝ።"

ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ግን አፌ እንደዚያች አሳ አይዘጋም። "ሚስተር" አልኩት፣ "የኔንም ነገር አስረዳህልኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ ተዳርኩ፣ በአሥራ አምስቴ ወለድኩ። ከዚያ ወዲህ ያደግሁት ወደ ጎን ብቻ ነው።"

ሚስተር ሳቀ። ማዳምም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ቦርሳዬን ሳይሆን እኔን። "አሥራ አምስት?" አለች።

"አሥራ አምስት። ይቺም ከመክተቡ አገሯ ከተላከች የሚጠብቃት ይኸው ነው። ሽማግሌ ባል።"

ይታይሽ አንገቷን ደፋች። ማዳም ይቅርታ አላለችም፤ ማዳሞች ይቅርታ የሚሉበት ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም። ብቻ ኩሽና ገብታ ድስት ስታንኳኳ ሰማን። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና "ምጀደራ ትበላለች?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ምጀደራ ምስርና ሩዝ በወይራ ዘይት ነው፤ ሥጋም ወተትም አይነካውም።

"ትበላለች ማዳም።"

"ኸላስ፣ በቃ። እዚሁ ትበላለች፣ ፊቴ። መክተቡም ይቅር።"

መመለስ

ሚስተር ገንዳው እንዲሰፋላቸው ብሎ ከአሳዎቹ ብዙውን በውሃ በተሞላ ወፍራም ፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ስወጣ ማዳም ቦርሳዬን አየችው፤ ፌስታሉን ባሏ ራሱ ቢሰጠኝም ከፍታ አየችው። ልማድ ነው።

በሰርቪስ ቁልቁል ስንመለስ ሃጂዝ አገኘን፤ መኪና የሚያስቆም የወታደር ኬላ። ፌስታሉን አቀፍኩ። ወታደሩ አንገቱን በመስኮት አስገባ። "ወረቀት" ሊል አፉን ሲከፍት ጭኔ ላይ ያለው ፌስታል ዘለለ።

"ሹ ሃይዳ? ይሄ ምንድነው?" ብሎ ወደኋላ ሸሸ።

"ሳማክ" አልኩት፣ አሳ ነው ለማለት፣ ፌስታሉን ከፍቼ። አንዷ ዘልላ ሸሚዙን አረጠበችው። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እሱም እየተሳደበ "ያላ፣ ያላ!" ብሎ አሳለፈን። ያቺን አሳ ስሟን ባውቅ አመሰግናት ነበር።

ቤት ስደርስ ሙሉ ፌስታሉንም እኔንም አሸተተች። "ከየት አመጣሽው? አልሰረቅሽም?"

"አሳ በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርሽን ስትጨርሺ ንገሪኝ" አልኳትና ሁሉንም ወስጄ ለባለሱቁ ሰጠሁት። ስልኩን ስንጠቀምበት ስለኖርን ሳይጠራጠር ተቀበለኝ። በዚያ ቀን ያልጠረጠረኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ትንሽ ሆኖ የቀረ ሁሉ ልጅ አይደለም፣ አፉን የዘጋም ሁሉ የሚደብቀው የሰረቀውን አይደለም። ዶራ ድረስ ስሄድ ይህን ባውቅ ኖሮ የዚያን ሾፌር አንገት እንደዚያ አላየውም ነበር።

ከበዓሉ በኋላ "ያ አለም! ቴሌፎን!" ተባለ። ወረድኩ።

"እትዬ" አለች ይታይሽ፣ ሹክሹክታ የለም፣ ጮክ ብላ ነው፣ "ጠዋት ምጀደራ፣ ማታ ምጀደራ! ማዳም እስክጨርስ ቆማ ታየኛለች። ገደለችኝ!"

"እደጊ" አልኳት። "ያቺ አሳስ?"

"ልጆቿን ለቀቀቻቸው። ትናንት ዳቦ ጣልኩላት፣ በላች።"