ከነውሸቱ አልቀብረውም

ሶዶ ውስጥ የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ሳገለግል አንድም ክፉ ሰው ቀብረን አናውቅም። የሕይወት ታሪክ ተብሎ የሚነበበውን ወረቀት ስሙን ብቻ እየቀየርን ብናነበው ማንም አይነቃብንም፤ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ለቤተሰቡ አሳቢ ነበር።» አንዳንዷ ሚስት ቀና ብላ የምታየን ሬሳው የማን እንደሆነ ለማጣራት ይመስለኛል።

በሠፈራችን ይህን ወረቀት ከሚጽፉት አንዷ አስናቀች ናት፤ እሷ ግን እንዲህ አትጽፍም። በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት ታይፒስት ነበረች። ብሉይ ኪዳን ያስተምሩ የነበሩ መምህር የአይሁድ ሊቃውንትን ትምህርት ያስተይቧት ነበር፤ ተማሪዎቹ ለፈተና አጥንተው ሲረሱት እሷ ላይ ቀረ። «አይሁድ ሙት መቅበርን የእውነት ፍቅር ይሉታል» ትላለች። «ሬሳ ውለታ አይመልስማ! ታዲያ እውነት የተባለውን ፍቅር በውሸት ልጀምረው?» ሟችን ከልክ በላይ ማወደስም በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ንፉግ ነጋዴ ቦዲቲ ላይ ሲሞት ለጋስ ነበር ብላ አልጻፈችም። አንድ እውነተኛ ደግነት እስክታገኝለት ግን ጎረቤቶቹን ቤት ለቤት ዞረች፤ የጎረቤቱን ዓይነ ስውር እናት በየእሑዱ እጇን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳት እንደነበር ደረሰችበት። ሰዎች ይፈሯታል፣ ያሟታል፣ ሰው ሲሞትባቸው ግን ደጇን ይቆረቁራሉ።

ባሏ አንጁሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዴሳ ከተማ ውስጥ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ሳለ፣ መስኮቱ ክፍት አድሮ ዝናብ ገባና የገበሬው የዘር በቆሎ በሰበሰ። ጥበቃው ጋሽ ጌታነህ ነበሩ። አንጁሎ «አረቄ ሸተውኛል» አለ። ሰውየው ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም፤ ግን ሽማግሌ ከተናገረ ማን ይጠይቃል? ከሥራ ተባረሩ፣ ከጌታ እራት ታገዱ፤ ልጃቸውን ትዕዛዝን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎችም በዚያው ቀሩ። እኔም አምኜ ነበር። ሰላም ሲሉኝ ትንፋሻቸውን እያሸተትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አንጁሎ ኩላሊቱ ታሞ በተኛበት ለሚስቱ ተናዘዘ። መስኮቱን ሳይዘጋ የሄደው ራሱ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ «ሂድና ንገራቸው» አለችው።

«ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። ይቅር ብሎኛል።»

«የበደልከው ጋሽ ጌታነህን፣ ይቅርታ የጠየቅኸው እግዚአብሔርን! አይሁድ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? ሰውን ከበደልክ፣ ሰውየው ካልታረቀህ ጾምህም ጸሎትህም አያስተሰርየውም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው ቀን «አንቺው ጻፊው በቃ» አላት። «እኔ እንደሆነ ያን ቀን ተነስቼ አልሟገትሽም።» ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። በሳምንቱ ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ሶርሳ ወረቀቱን አስቀድሞ ከእጇ ወስዶ አነበበው። የአንጁሎ ታላቅ ወንድም ነው፤ የዕድራችን ዳኛም እሱ ነው።

«አብደሻል? ልጆቹ የሽማግሌ ልጆች ተብለው ነው ያደጉት!»

«የጋሽ ጌታነህ ልጅስ ምን ተብላ ነው የኖረችው?»

«ይህን ካነበብሽ የእኛ ሰው አይደለሽም። ጉኑኖ ያለውን የአባታችንን ደጅ እንዳትረግጪ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለችና ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችው።

እዚያ ደጅ ሠላሳ አንድ ዓመት ምራት ሆና እንሰት ፍቃበታለች፤ ሁለት ልጆቿንም የወለደችው እዚያ ነው። ያለችው ግን እሺ ብቻ ነው። ሶርሳ ወዲያው ሌላ ወረቀት አስጽፎ ለእኔ ሰጠኝ። ተቀበልኩት፤ ሰው እንዴት ፈሪ እንደሚሆን የማያውቅ ካለ እኔን ይይ።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ማይኩን ይዤ «ሰው አክባሪ» ከማለቴ ጋሽ ጌታነህ ከፊት ተቀምጠው አየኋቸው። እሳቸው ከማንም ቀብር አይቀሩም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዞር አልኩና ማይኩን ለአስናቀች ሰጠኋት። ሶርሳ ዘሎ ገመዱን ነቀለው። እሷም የሞተውን ማይክ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ አስቀምጣ በባዶ ድምፅዋ ጀመረች።

«ባሌ አንጁሎ እናቴን አስታሞ የቀበረልኝ ሰው ነው። ልጆቹን መትቶ አያውቅም። አንድ ቀን ግን ዋሽቷል። የመጋዘኑን መስኮት ክፍት የተወው እሱ ነው። ጋሽ ጌታነህ አልጠጡም። አረቄ ሸተተኝ ያለው እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው፤ የሳቸውን አሳጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወድጄዋለሁ፣ አሁንም እወደዋለሁ። ስለምወደው ነው ከነውሸቱ የማልቀብረው።»

«ኧረ በጌታ!» አለች አንዷ። ሶርሳ «ይበቃል! ሳጥኑን አንሱ!» ብሎ ጮኸ። ከእኛ መካከል የተነሳ የለም።

ጋሽ ጌታነህ ተነሱ። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። የሚራገሙ ወይም የሚያለቅሱ መሰለን።

«አስናቀች፣ ልጄ» አሉ፣ «እባክሽ ድገሚው። ትዕዛዝ ከድንኳኑ ውጭ ነው ያለችው፣ ከሴቶቹ ጋር። አልሰማችም።»

ሰው ወደ ኋላ እየተቀባበለ ጠራት። ትዕዛዝ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች በወንበሮቹ መሃል ወደ ፊት መጣች። አስናቀችም እሷ አባቷ ጎን እስክትቆም ጠብቃ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።