ስለ መምህሬ መጽሐፍ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት

ሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባለችው ኮኪት የከተማው ሰው አዋጥቶ፣ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን አስጠግኖ ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ ነበር። መዝጋቢውም አዋሹም እኔ ነበርኩ። በየወሩ ከጎንደር በአውቶቡስ አንድ ካርቶን አዲስ መጽሐፍ ይመጣልኛል፤ አዳዲስ ፊልሞች የተጫኑበት ፍላሽም አብሮ ይላካል። እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ «በዚህ ወር ብትዋሷቸው» ብዬ ዝርዝሩን በጠመኔ እጽፋለሁ። ከየርዕሱ ሥር አንድ ሁለት መስመር አስተያየት አክልበታለሁ።

አስተያየቴ ይናከስ ነበር። ስለ አንድ የፍቅር ፊልም «ከተዋናዩ ልቅሶ የትራክተር ጩኸት ያባባል» ብዬ ብጽፍ፣ የትራክተር ሾፌሮች ከየእርሻው እየመጡ ፊልሙን ተሻሙት። ቀስ በቀስ መጽሐፍ የማይፈልገውም ሰው ሰሌዳውን ለማንበብ ብቻ ብቅ ማለት ጀመረ። መፈራት ጣመኝ።

ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላ መጽሐፍ ጻፉ። ከደጋ ወርደው እዚህ ቆላ እንዴት እንደኖሩ የሚተርክ ነው። ጎንደር ሄደው አሳተሙና ሁለት ቅጂ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ በላብ ተጣብቋል።

«ሰሌዳው ላይ ትጽፍልኛለህ?» አሉኝ።

«እንዴታ መምህር! የእርስዎን ትቼ የማንን ልጽፍ?»

«እውነቱን ነው የምትጽፈው። እኔን ብለህ እንዳታዳላ።»

ሃያ ገጽ አነበብኩ። የዘር ሐረግ ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ሰፈረ። ከደንኩት። እውነቱን ለመናገር ገና ሳልገልጠው ነበር የፈረድኩበት። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡና «ይሄ ልጅ ብዕር ከሚይዝ ማጭድ ቢይዝ ይበጀዋል» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱ እስኪያልቅ «ማጭድ» ተብዬ ተጠራሁ። ያንን ቋጥሬ ይዤ ኖሬያለሁ።

ጠመኔዬን አንሥቼ ጻፍኩ፦ «ሙቀቱ እንቅልፍ ለነሳችሁ ሁሉ፣ የመምህራችንን መጽሐፍ ወስዳችሁ ሦስት ገጽ አንብቡ። አራተኛው ገጽ የደረሰ ሰው እስካሁን አልተገኘም።»

በዚያው ቀን አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣው። ሳምንት ሳይሞላ ከገንዳ ውሃ እስከ ድንበር ያልደረሰበት ስልክ አልነበረም። መምህር መንገድ ላይ ሲያልፉ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ «አራተኛ ገጽ መጡ» ይባባሉ ጀመር። መጽሐፉን ሻይ ቤት ወስደው እየተቀባበሉ ያነቡና ያስካካሉ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

መምህር ከቤት መውጣት ተዉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የበሩን መቃን እየዳሰሱ ነው የገቡት።

«ልጄ፣ ስለሱ መጽሐፍ የጻፍከውን አንብብልኝ። እሱ እንዳመሰገንከው ነግሮኛል። ሰዉ ግን ገበያ ስወጣ ይስቅብኛል።»

ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ነበር። ሁሉም ቀና አለ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ የሌለውን ማንበብ ጀመርኩ፦ «የመምህራችን መጽሐፍ የአገራችንን ሰው ድካም የሚያሳይ...» ጋዜጣ ያነብ የነበረው የሰሊጥ ደላላ ሳቁ አመለጠው። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሴትዮዋ ሳቁ እስኪያባራ ቆሙ። «እንግዲያው መጽሐፉን ስጠኝ፤ ጎረቤት ያነብልኛል» አሉ።

«ሁለቱም ወጥተዋል፣ እትዬ።»

«ሰው ወዶታል ማለት ነው?»

«አዎ» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ። ያ ፈገግታ ከሳቁ ሁሉ ይብስ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏቸው ወጡ፤ እኔም ሰሌዳውን አጠፋሁት።

ሁለቱም መጽሐፎች ሲመለሱ የአንዱ ሽፋን ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማሕተም አርፎበታል። ከሃያኛው ገጽ ቀጠልኩ። የዘር ሐረጉ አለቀና መምህር ገለጉ በምትባል ቦታ ያስተምሩ የነበረበት ክረምት መጣ። የመጀመሪያ ልጃቸው ወባ ያዛት። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ሲል፣ ባልና ሚስት ልጅቷን እየተቀባበሉ ጤና ጣቢያ ወዳለበት መንደር በእግር ሄዱ። የሞተችው በእናቷ ጀርባ ላይ ሳለች ነው። መምህር ይህን ያወቁት ሚስታቸው ሳያውቁ ነበርና፣ እንዳይወድቁባቸው ብለው ዝም አሉ፤ እስከ መንደሩ ድረስ «ተኝታለች» እያሉ አስኬዷቸው። አንድም የተጋነነ ቃል የለበትም። በየወሩ ከሚመጣልኝ ካርቶን ውስጥ የወጣ ምንም መጽሐፍ አይደርስበትም።

በማግስቱ ሰሌዳውን ሙሉ ለመጽሐፉ ሰጠሁት። ውዳሴ ደረደርኩ። መምህር ሰምተው መጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አጥፋው» አሉኝ።

«መምህር፣ አሁን እውነቱን ነው የጻፍኩት። ጨርሼ አንብቤው ነው።»

«ያኔስ?»

አፌ ላይ የመጣው የልጅነቱ ነገር ነበር። «እርስዎም ድርሰቴን አንብበው አስቀውብኛል። ማጭድ ይያዝ ብለውኛል።»

ለማስታወስ የምር ሞከሩ። «የስንቱን ልጅ ድርሰት አንብቤያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አላስታውስም። ብዬ ከሆነ አጥፍቻለሁ። አንተ ግን የሳቅኸው በእኔ ብቻ አይደለም፤ ዓይኗ በማያይ ሴትም ነው።»

ሁለቱንም መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጥተው በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ዝርዝሩን አሁንም እጽፋለሁ። ያልጨረስኩትን መጽሐፍ፣ እስከ መጨረሻው ያላየሁትን ፊልም ሰሌዳ ላይ አላወጣም። ሰዉ «ጨው አጣ» ይላል፤ የሚመጣውም ቀንሷል። መምህርን አንዳንዴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኛቸዋለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ዝቅ እላለሁ። እሳቸውም ቆም ብለው፣ ድሮ «አንተ» ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ፣ እንደ ባዕድ ሰው አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው «እንደምን ዋሉ» ይሉኛል።