የእሳቸው ሰው

ሥራ የገባሁት በጎረቤታችን በኩል ነው። አብነት ሰፈር ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እኛን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለ አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ተመርቄ ቤት መቀመጤን ሲያዩ ይዘውኝ ሄዱ። ፈተናም ቃለ መጠይቅም አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይወደኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ወንበር ይያዝልኛል፤ ባረፍድ የሚቆጣኝ የለም። በጠባዬ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ ቢሮ አልገቡም። ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ተጣልተው መሰናበታቸውን ከሰዓት በኋላ ሰማን። በዚያው ሳምንት እሳቸው ያስቀጠሩት ሾፌር ተባረረ። ቀጥሎ የመጋዘኗ ሠራተኛ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ምሳዬን ይዤ ስገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር፤ ቆይቶም ሰዎቹ ውጭ መብላት አበዙ።

ጋሼን ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ግቢ ግን አላሉኝም። መንገዱን ግራ ቀኝ አይተው፣ "ልጄ፣ ለጊዜው እዚህ አትምጪ። የሚያይሽ አይጠፋም" አሉኝ።

በማግስቱ በእሳቸው ቦታ የተተካው ሰው አስጠራኝ። ትሑት ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፣ ሥራዬንም አመሰገነ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር፣ "ጋሼ እንዴት ናቸው? ትናንት አግኝተሻቸዋል አሉ" አለኝ።

ጎረቤታሞች መሆናችንን፣ እድራችንም አንድ መሆኑን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው ያስገቧቸው ሌሎችም እንዳሉ፣ እነማን እንደሆኑ ብነግረው የእኔ ቦታ እንደማይነካ ረጋ ብሎ አስረዳኝ።

"አላውቅም" አልኩት። አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ሥራ ብቻ አይሰጠኝም። ኮምፒውተሬን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ውዬ ወደ ቤት መመለስ ሆነ። ወሩ ሳያልቅ በራሴ ጊዜ ለቀቅኩ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ በሚስታቸው በኩል መልእክት ላኩ። ሌላ ድርጅት ውስጥ ወዳጅ አላቸው፤ ነገሩን ጨርሰውልኛል፤ ሰኞ መግባት እችላለሁ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ያ ወዳጃቸው በማን እንደሚወደድ፣ በማንስ እንደሚጠላ ማሰብ ጀመርኩ። ሌላ የሚቀጥረኝ ስላልነበረ ሰኞ ሄድኩ።