ምላጭ አንቺ ጋ አለ?

ይህ የሆነው አምና፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጭቃው መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ግን ሰው ከአጥር ማዶ ተጣርቶ «ይሄ ነገር አለ?» ባለኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ሐሙስ ነው። በአንዲት ቃል የተነሳ አንድ ሽማግሌ ከሥራቸው ሊባረሩ ነበር።

የምኖረው ቀበና ነው፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ። ልብስ እሰፋለሁ። ስፌቱንም የስፌት መኪና መጠገኑንም ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ መኪናዬ ስትበላሽ ፈታኋት፣ መግጠም አቃተኝ፣ አለቀስኩ፣ በማግስቱ እንደገና ፈታኋት። ትምህርቴ እሱ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ እንጦጦ ላይ፣ ከፓርኩ ወዲያ ባለ አንድ ችግኝ ማፍያ ጥበቃ ናቸው። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው። ከሥሩ ድመት የምታልፍበት ክፍተት አለው። ጋሽ ደምሴ ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው ምንሽር ጠብመንጃ አላቸው። ሥራውንም ያገኙት ባለ ጠብመንጃ በመሆናቸው ነው። ጥይቱን ግን ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረውታል። «በሕልሙ ጅብ ያባርራል፤ አንድ ቀን እኔን ጅብ ያደርገኛል» ይላሉ።

በዚያ ሰሞን ችግኝ ማፍያው አዲስ ኃላፊ መጥቶለት ነበር። ባለ ጠብመንጃ ጥበቃዎች በሙሉ ዓርብ ጠዋት መሣሪያቸውን ይዘው እንዲቀርቡ አዘዘ። መሣሪያው የማይሠራ ወይም ጎዶሎ የሆነበት ይሰናበታል ተባለ። ጋሽ ደምሴ ረቡዕ ዕለት በአጥሩ በኩል ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

«ጠብመንጃውስ ደህና ነው፤ መወልወል ያለብኝ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። በእሳቸው ዕድሜ ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው እንደሌለ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በረንዳዬ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። የጋሽ ደምሴ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

«ጥሩዬ፣ ምላጭ አንቺ ጋ አለ?»

መኪናዬ ስትሮጥ ጩኸታም ናት። እግሬን ከፔዳሉ አላነሳሁም። ምላጭ ከኔ ቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ የተሳሳተ ስፌት የምፈታበት ነው። ነገ ኃላፊ ፊት ይቀርባሉ፣ ጺማቸውን ሊላጩ ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ።

«አለ፣ ጋሼ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴት ይጠፋል፣ አለ እያልኩዎት።»

«ተመስገን። በይ አስቀምጪልኝ፣ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ለአንድ ምላጭ ይህን ያህል ምስጋና ምንድን ነው አላልኩም። ሽማግሌ ያመሰግናል።

ከምሳ በፊት ከሲግናል ሰፈር ሰው መጣ። ሲግናል ሰሚራ የምትባል ወዳጄ አለች፣ ትራስና መከዳ እየሠራች የምትሸጥ። የኔን የጨርቅ ቁርጥራጭ ለትራስ ሙሊት ትወስድልኛለች። ቁርጥራጩን የማጠራቅመው አጥሩ ሥር ነው። በመጥረጊያ ሰብስቤ ማዳበሪያ ሞላሁለት፣ ተሸክሞ ሄደ። ግቢዬም ጸዳ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ መጡ። እንቅልፍ ያረፈበት ፊት ነበራቸው።

«እስቲ አምጪው» አሉኝ።

ከመሳቢያዬ ያልተከፈተ ምላጭ አውጥቼ ከነወረቀቱ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምላጭ።»

«የምን ምላጭ?»

«የጺም ነዋ፣ ጋሼ። ነገ ሊቀርቡ አይደል?»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩሽ የጠብመንጃውን ምላጭ ነው። በጣት የሚሳበውን።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጠዋት አጥሩን ተደግፈው ሲወለውሉ የምላጩ ሞላ ከጣታቸው አምልጣ ነበር። ሞላዋ ጉያቸው ውስጥ ወደቀች። ምላጩ ግን ተፈናጥሮ ቆርቆሮውን መታና በክፍተቱ ወደ እኔ ግቢ ሾለከ። እሳቸው «ምላጩ» ብለው ኖሯል። እኔ በመኪናው ጩኸት «ምላጭ» ያሉ መሰለኝ።

«አንቺ ‹አለ› አልሽኝ» አሉ። «እኔም ምሳዬን በላሁ፣ ጋደም አልኩ።»

አጥሩ ሥር ሄጄ በእጄ አሰስኩ። ምን ይገኛል፣ አጽድቼዋለሁ። እትዬ አልማዝ ከማዶ ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ኖሯል።

«ያለ ምላጭ ጠብመንጃ ምን ይባላል?» አሉ።

«ዱላ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ለዱላማ ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር።»

ለሰሚራ ደወልኩ፣ አታነሳም። ማግኔቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከጋሽ ደምሴ ጋር ታክሲ ያዝን። ማግኔቱ ከተበላሸ ትልቅ ስፒከር ያወጣሁት ነው፤ ወለል ላይ የፈሰሰ መርፌ እለቅምበታለሁ። ታክሲው ውስጥ ቦርሳዬ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጣበቀ። ሲግናል ስንደርስ እኔ ብነሳ ቦርሳዬ አልነሳም አለ። ረዳቱና ጋሽ ደምሴ ተጋግዘው አላቀቁልኝ። «ምን ይዘሽ ነው፣ እናት?» አለኝ ረዳቱ። ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ «የስፌት ዕቃ» አሉት። ውሸት አይደለም።

ሰሚራ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ትሠራለች። ማዳበሪያው ባዶ ሆኖ በር ላይ ተጣጥፏል። ትራሶቹ ተሰፍተው እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። አንዲት ሴትዮም የመረጠችውን ትራስ በፌስታል ይዛ ልትወጣ ነው።

«ሰሚራዬ፣ ጨርቁ ውስጥ አንዲት ብረት ገብታብኛለች» አልኳት።

«የምን ብረት?»

እኔ ቃል ስመርጥ ጋሽ ደምሴ «የጠብመንጃ» አሉ።

ሰሚራ ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አባባ፣ እኔ የምሸጠው ትራስ ነው። ሰው ተኝቶ የሚያድርበት።»

«ብቻዋን አትተኩስም፣ ልጄ።»

«እሱን ለደንበኞቼ ይንገሩልኝ።»

ማግኔቱን አውጥቼ፣ ሴትዮዋ ከመውጣቷ በፊት ትራሷን ዳሰስኩ። አንድ ቦታ ላይ ጨርቁ ከፍ አለ። ምላጩ አልነበረም። መርፌ ነበር፣ የኔ ባለ አናት መርፌ፣ ጫፉ ወደ ውጭ። ሴትዮዋ ትራሱን የገዛችው ለአራስ ልጇ እንደሆነ ነገረችን። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እውነተኛው ድንጋጤ ለኔ ያ ነው። ሰሚራ ሌላ ትራስ መረጠችላት፣ እሱንም ዳስሼ ሰጠኋት።

«ደንበኞቼ ጆሯችንን ወጋን የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው» አለች ሰሚራ። «እኔ ምቀኝነት መስሎኝ።»

ትራሶቹን አንድ በአንድ አወረድን። እኔ እዳስሳለሁ፣ ሰሚራ ታቀብለኛለች፣ ጋሽ ደምሴ የተፈተሸውን ይደረድራሉ። መርፌዎች ወጡ፣ አንድ የሱሪ መንጠቆም ወጣ። ቁልሉ እያነሰ ሲሄድ የጋሽ ደምሴ ወሬም እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ መደርደሩንም ትተው ማግኔቱን ብቻ ያዩ ጀመር።

ከዚያ አንዱ ቀይ ትራስ ማግኔቱን ከእጄ ነጠቀኝ። ከውስጥ የሆነ ነገር መጥቶ «ጧ» ብሎ ተጣበቀ። በጨርቁ ላይ ስዳብሰው ቆልመም ያለ ነው፣ እንደ ትንሽ ጣት።

ሰሚራ ስፌቱን የምትፈታበት ነገር ፈለገች። መቀሷ ከትራስ ሥር ጠፍቶባታል።

«ምላጭ አለ?» አለች።

እኔና ጋሽ ደምሴ ተያየን። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከደረት ኪሳቸው ያቺን ወረቀት አወጡና ዘረጉላት።

«የጺሙ አለ» አሉ። «ሌላውን አንቺ ነሽ የምታወጪው።»

ሰሚራ ምን እንደሚያስቀን አልገባትም። ስፌቱን ፈታችው፣ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አስገብተው ምላጩን አወጡ። ክር ተጠምጥሞበታል። አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ነው እስክል ድረስ ወደ ፊታቸው አስጠግተው አጥብቀው ያዙት።

ቤት የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የቀረው መግጠሙ ነው። ጋሽ ደምሴ የቱ ከየት እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ጣታቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ጣት እኔ አለኝ። ጠብመንጃ ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም፤ ትንንሽ ብረት ግን የትም ጠባዩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ነጭ አቡጀዲ አነጠፍኩ፤ ነጭ ላይ የወደቀ ብረት አይደበቅም። የተፈታውን በአወጣጡ ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ አስደረደርኳቸው። ሲገባ ከቀኝ መጀመር ነው። እያንዳንዱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን፣ ዘይቱን በላባ ጫፍ ብቻ ነካ አደረግን። ዘይት ያበዛ ሰው አቧራ ይጠራል፤ መኪናዬንም ያበላሸብኝ እሱ ነበር።

ሞላዋን እንደገና እንዳታመልጥ በክር አሰርኳት፣ ገብታ ስትይዝ ክሩ ይሳባል። እጄንም ከነብረቱ ውስጡን የሚያሳይ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው የሠራሁት። ቢፈናጠርም ከፌስታሉ አይወጣም።

ያስቸገረችን ምላጩን የምታያይዘው ቀጭን ዘንግ ነበረች። ቀዳዳው ጋ ሳትደርስ ትወድቃለች። በመኪናዬ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ወፍራም ግራሶ ቀብቼ አጣብቃታለሁ። ግራሶዬ አልቋል። እትዬ አልማዝ ገብተው ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ።

«እኔ አናቴን ስቀባ ሸተተኝ ይላል» አሉ። «ለጠብመንጃው ሲሆን ዝም።»

ጋሽ ደምሴ ቅቤውን ተቀበሉ። ቅቤው ዘንጓን ያዛት፣ ገባች። ክሩን ሳብኩት። ጋሽ ደምሴ ባዶ መሆኑን ደግመው አይተው፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ምላጩን ሳቡት። «ቀጭ» አለ።

እትዬ አልማዝ የአንገታቸውን ቁልፍ ዳሰስ አደረጉ።

ዓርብ ጠዋት ሲወጡ በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ጺማቸው ጥርግ ብሏል፣ አገጫቸው ላይ ትንሽ ተቆርጠዋል። በዚያው ምላጭ መሆኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ተንኳኳ።

«ኃላፊው ሳበው» አሉ። «ከዚያ ጣቱን አሸተተ።»

«ምን አለ?»

«‹አባባ፣ መሣሪያዎ ቅቤ ቅቤ ይላል› አለኝ። ‹ከደህና ቤት የመጣ ነው› አልኩት።»

«እና ሥራውስ?»

«ማታ ገቢ ነኝ።»

ቅቤው ሳይኮመጥጥ ጠርገው ትክክለኛውን ቅባት ቀብተውታል። እኔም ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጭ ጨርቄን በማግኔት ሳልዳስስ ለሰሚራ አልሰጥም። ያን ቀይ ትራስ መልሼ ልሰፋላት ብላት «ውሰጂው፣ እኔ ሳየው ያስፈራኛል» አለችኝ። አሁን የስፌት ወንበሬ ላይ እቀመጥበታለሁ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው በትራሱና በቅቤው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ለብቻዬ ሆኜ ሳስበው ግን የሚመጣብኝ ሌላ ነው። እሳቸው በዚያ ጭንቅ ቀን ምሳቸውን በልተው፣ ጋደም ብለው፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። የተኙት «አለ» ስላልኳቸው ነው።

ዛሬም አንዳንዴ በአጥሩ በኩል ይጣራሉ።

«ጥሩዬ፣ ምላጭ አለ?»

እግሬን ከፔዳሉ አነሳለሁ። መኪናዬ ጸጥ እስክትል እጠብቃለሁ።

«የቱ?» እላቸዋለሁ።