ከመጋረጃ ኋላ የተሠራ የጥሎሽ ወርቅ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ወርቅ ለማስቀለጥ የሚመጣ ሰው ወርቁን ሰጥቶ አይሄድም። ይቀመጣል። ከእሳቱ ፊት ለፊት፣ ጉልበቱ ሊለበለብ ምንም ሳይቀረው፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይቀመጣል። ለአፍታ ዞር ካለ በመዳብ የሚለወጥበት ይመስለዋል። አንድ ነጋዴ ሽንቱ መጥቶበት ሲቁነጠነጥ አይቼ አውቃለሁ፤ ባለቤቴ "ወጣ ብለህ ና እንጂ" ቢለው፣ "ምን ቸገረህ? እኔ ተመችቶኛል!" ብሎ ተቆጣ። ላቡ ግን በአፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ይህን ሁሉ የማየው በመጋረጃ ዳር ነው።

ባለቤቴ ወርቅ ሠሪ ነው። ሱቃችን ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከአንድ የስልጤ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። መሃሏን በመጋረጃ ከፍለናታል። ከፊት እሳቱ፣ ሚዛኑና የእሱ በርጩማ አሉ። ከኋላ አልጋችን፣ ድስቶቼ፣ በኋላ ደግሞ የእኔ መዶሻ።

የመጋረጃው ነገር እንዲህ ነው። እኔ የገሱባ ገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራና ቆዳ የሚያለፋ ሰው ከገበሬ ጋር አይጋባም፤ በአንድ ገበታም አይበላም። ባለቤቴ የሚሠራው ወርቅ ቢሆንም ዘሩ ከአንጥረኛ ነው፤ ለአባቴ አንጥረኛ ያው አንጥረኛ ነው። ስለዚህ ጠፍቼ አገባሁት። ሽማግሌዎች አንድ ዓመት ሙሉ ከተመላለሱ በኋላ አባቴ ይቅር አለኝ፤ ይቅርታው ግን ጭራ ነበረው።

"አብረሽው ኑሪ" አለኝ። "መዶሻ ስትይዢ የታየሽ ቀን ግን እህትሽን የሚያገባት የለም። የአንጥረኛ እህት ትባላለች። ይህን እወቂ።"

እህቴ ያኔ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። እሺ አልኩ። መዶሻ ለምን እይዛለሁ ብዬ?

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ለዘመን መለወጫችን ለግፋታ ሥራ ሲበዛበት ነው የጀመርኩት። ወርቅ ሽቦ የሚሆነው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ እየተሳበ ነው፤ መጀመሪያ በሰፊው ቀዳዳ፣ ከዚያ በጠባቡ፣ ከዚያም ፀጉር እስኪያክል። "ጫፉን ያዥልኝ" አለኝ። ያዝኩ። ሳምንት ሳይሞላ መሳቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ በናስ ላይ እያበላሸሁ፣ እንደገና እያቀለጥኩ፣ ጣቴን እያቃጠልኩ ለመድኩት። የመጀመሪያውን ጥንድ ጉትቻ ስጨርስ ባለቤቴ ወደ ብርሃን ወስዶ አገላብጦ አየው።

"ይሄንንማ እኔ ነኝ የሠራሁት ነው የምለው" አለ።

ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልነበረምና በደስታ ሳቅሁ።

ችግሩ የመዶሻው ድምፅ ነበር። ደንበኛ ሱቅ ውስጥ እያለ ከመጋረጃው ኋላ ቀጭ ቀጭ ከተሰማ ምን ይባላል? መላ አበጀን። እኔ ስመታ እሱም ፊት ለፊት ይመታል፤ ሁለቱ አንድ ሆነው እንዲሰሙ እጁን ከእጄ ጋር ያስኬዳል። ሥራ በሌለው ጊዜ እንኳ መምቻ ብረቱን፣ ባዶውን መስፍ ይቀጠቅጥልኛል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ስሠራ ባለቤቴን አላየውም፣ ግን መቼ እንደሚያስነጥስ ሳይቀር ከመዶሻው አውቅ ነበር።

አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ተናጋሪው የእጅ ባለሙያን መናቅ ኋላቀርነት መሆኑን፣ ሁሉም ብሔር፣ ሁሉም ሥራ እኩል መሆኑን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳን። ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ ለስላሳና ዳቦ ሲታደል በእኔና በባለቤቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሴቶችን የምታደራጅ ወጣት ደብተሯን ይዛ መጣች።

"እናቴ፣ የሚችሉት ሙያ አለ?"

"የለኝም" አልኳት።

"ምንም?"

"ወጥ እሠራለሁ።"

ጻፈችው።

እህቴ አድጋ ታጨች። ልጁ የአረካ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ መሬትም ስምም ያለው። አባቴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እኔ ደግሞ ሠርጉ እስኪያልፍ ቀን እቆጥር ነበር፤ እሷ ከተዳረች መጋረጃውን አውርጄ ለአልጋ ልብስ አደርገዋለሁ እል ነበር።

በዚያው ዓመት ግን የባለቤቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብር ላይ ወርቅ ለመቀባት ባዜቃ ይጠቀማሉ፤ ያቺ እንደ ውሃ የምትንከባለል ብር። ሲሞቅ ጢሱ ይሸተታል። ዱቦ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ሲታይ ሐኪሙ "ጢሱ ነው የጎዳህ፣ ተወው" አለው። ተወው፤ መንቀጥቀጡ ግን አልተወውም። ቀስ በቀስ ሁሉም ሥራ ወደ እኔ ዞረ። ለእሱ የቀረው ማቅለጡ ብቻ ነው፤ ያ በደንበኛ ዓይን ፊት የሚሠራ ስለሆነ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የእህቴ አማት ልትሆን ያለችው ሴት። ሁለት የድሮ ጉትቻና አንድ የተበጠሰ ሰንሰለት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች።

"ለምራቴ የአንገት ይሁንልኝ። የጥሎሽ ነው" አለች።

"እማማ፣ እርስዎ ቤተሰብ ነዎት" አለ ባለቤቴ። "ትተውልኝ ይሂዱና ቅዳሜ ይውሰዱት።"

"ቤተሰብ ስለሆንኩማ ነው የምቀመጠው! ባዳ ቢሰርቀኝ እከሰዋለሁ። ዘመድን በምን አፌ እከሳለሁ?" ብላ ሳቀችና በርጩማውን ወደ እሳቱ ሳበች።

እኔ ከኋላ ጆሮዬን ሰጠሁ። ወርቁ ቀለጠ። ጉጠቱ የሸክላ ማቅለጫውን ሲይዝ ሰማሁ፤ ከዚያ የሸክላው ጠርዝ በጉጠቱ ላይ ሲንቀጫቀጭ፣ እንደ ጥርስ። መልሶ እሳቱ ላይ አስቀመጠው። እንደገና አነሳ። እንደገና አስቀመጠ።

"ምን ሆንክ የኔ ልጅ?" አለች።

"ጢሱ ነው፣ ዓይኔ ገባ።"

በመጋረጃው ዳር አየሁ። ማቅለጫው ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ ብዙ አይቆይም። በሚንቀጠቀጥ እጅ ከቀዳው ግማሹ አመድ ውስጥ ይፈሳል፤ ሚዛን ላይ ሲጎድል ደግሞ ሌባ ነው፣ ያውም የምራቷ እህት ባል። እኔ ከወጣሁ አንጥረኛ ነኝ። በሁለቱም በኩል እህቴ ቀረች።

ሦስተኛ ሲያነሳ ወጣሁ። ጣቶቹ በጉጠቱ ላይ ደርቀው አንድ በአንድ ፈልቅቄ አስለቀቅኩት። ወደ ቅርጹ ቀዳሁት። እንደ ማር ተስቦ ወረደ፣ ጠብታ ሳይቀር። ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ጮኸ። ሚዛን ላይ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። ልክ ነበር።

ሴትዮዋ ሚዛኑን ሳይሆን እጄን ታያለች።

"ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ዘጠኝ ዓመት።"

ጣቷን ወደ ጆሮዋ ወሰደች። "ይሄስ? አምና ለግፋታ የሠራልኝ?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

ሳቋ አመለጣት። "አረካ ላሉት ሴቶች ሁሉ 'እጁ የሴት እጅ ይመስላል' ስል ከርሜያለሁ እኮ!"

ከዚያ ሳቋ ቆመ። ወደ በሩ ዞራ አየች። ጎረቤታችን ጀርባውን ሰጥቶ ጨርቅ ይለካል።

"ማን አይቶሻል?"

"ከእርስዎ በቀር ማንም።"

"የልጁ አባት ቢሰማ ሠርጉ የለም። እኔ ደግሞ ልጅቷን ወድጃታለሁ።" እኔ ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ነገር የምትፈታልኝ መስሎኝ ነበር። "ግቢ" አለችኝ። "ወደ ውስጥ ግቢ። እኔ ምንም አላየሁም።"

ገባሁ። መጋረጃውን ራሷ ሳበችው፤ ነፋስ እንዳይገልጠው ጫፉን በድንጋይ ያዘችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "በል ምታ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!" አለችው። ባለቤቴ ባዶውን መስፍ መምታት ጀመረ። እኔም ሽቦ መሳብ ጀመርኩ።

ሁለት ቀን እየተመላለሰች እበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሊገባ ሲል "ሥራ ላይ ነው፣ ከሰዓት ና" እያለች ትመልሳለች። ምሳዋን እኔ ከቀቀልኩት የቦይና ሥር ቆርሳ በላች፤ የእኔ ሰዎች እንኳ የማያደርጉትን። ደግነት ነው። ምን ልላት እችላለሁ?

በሠርጉ ቀን ገሱባ ዳሱ ሞልቶ ነበር። የእህቴ አንገት ላይ ያለውን ወርቅ ለማየት ሴቶች ይጋፋሉ። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ጠጋ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው፤ ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነበትን፣ ፍሬዎቹ የተገጣጠሙበትን። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቴን በሽማግሌዎች ፊት አስጠራው።

"ይሄን የሠራ እጅ ይባረክ!" አለ።

ባለቤቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ አሜን አሉ። የሙሽራው እናት አጠገቤ ነበረች፤ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

"አሜን በይ እንጂ፣ ሰው ያይሻል" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አሜን" አልኩ።