አባባ ዱካሞን «አንተ» ያሉ አሮጊት

ልጅ ሳለሁ፣ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ በነበረው ግቢያችን፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ እኛ ልጆች የምንሰበሰበው ጎረቤታችን አባባ ዱካሞ ደጃፍ ነበር። መቶ ዓመት እንዳለፋቸው ሰፈሩ ሁሉ ያምናል። በፋኖስ ብርሃን፣ የበቆሎ እሸት ፍም ላይ እየተንጣጣ፣ ፒያሳ ጫካ ሳለ ከብት እየነዱ ሐይቁ ድረስ ይወርዱ እንደነበር፣ ጅብም በዱላ እንዳባረሩ ይተርኩልን ነበር። ጅቡ ከምሽት ምሽት ይገዝፋል። ማን ይመሰክርባቸዋል? እኩዮቻቸው በሙሉ አልፈዋል። ያኔ በየሰርጉ ቀድሞ መመረቅ የእሳቸው ነበር፤ ይህን ክብራቸውንም ለማንም አይለቁም።

በአክስቴ ሰርግ ዋዜማ ግን የሙሽራው ቅድመ አያት ከአለታ ወንዶ መጡ፤ በሁለት የልጅ ልጆች ተደግፈው የሚራመዱ ደቃቃ አሮጊት። ለምርቃት ስንቆም አባባ ዱካሞ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሮጊቷ አተኩረው አዩዋቸውና የአባታቸውንና የመንደራቸውን ስም ጠየቋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣

«አንተ ዱካሞ ነህ እንዴ? እናትህ ገበያ ስትሄድ አዝዬህ የምውለው እኔ ነበርኩ» አሉ።

አባባ ዱካሞን «አንተ» የሚል ሰው ሰምተን አናውቅም፤ አባቴ ይቆጣሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን ምርቃቱን ረስተው ከአሮጊቷ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«እናቴ ምን ትመስል ነበር?»

ለካስ በሕፃንነታቸው ሞታባቸው መልኳን አያውቁም። አሮጊቷ ፍንጭት እንደነበረች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ላም ስታልብ እንደምታንጎራጉር ነገሯቸው። አባባ ዱካሞ ራሳቸውም ሕፃን ሳሉ ዶሮ ባዩ ቁጥር እየጮኹ አሮጊቷ ጀርባ ላይ ይለጠፉ እንደነበር ጨመሩላቸው። እኛ ልጆች ሳቃችንን መያዝ አቃተን፤ ከሁላችንም አብልጠው የሳቁት ግን እንባቸውን እየጠረጉ አባባ ዱካሞ ነበሩ። በዚያ ምሽት ተረት ሰሚ እሳቸው ሆኑ፤ መራቂዋም አሮጊቷ።

ከሰርጉ በኋላ አሮጊቷን መናኸሪያ ስንሸኝ፣ ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ አባባ ዱካሞን «ኮትህን ቆልፍ፣ ይበርድሃል» አሏቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አባባ ዱካሞ ግን ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆለፉ። ከነገሩን ተረት ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ በዚያ ሐሩር ኮታቸውን ጥርቅም አድርገው፣ እንደታዘዘ ልጅ ደስ ብሏቸው መቆማቸው ግን ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።